ለልጄ ቃል ያልገባሁላት ነገር

ለልጄ «እግዚአብሔር በቅርቡ ይፈውስሻል» ብዬ ቃል ገብቼላት አላውቅም። ይህን ስናገር ደንገጥ የሚሉ ወገኖች አሉ። እምነቴ የቀዘቀዘ ይመስላቸዋል። እግዚአብሔር መፈወስ እንደሚችል አምናለሁ። ሳልለምነው ያደርኩበት ቀንም የለም። ግን እሱ ቀን ቆርጦ ያልነገረኝን ነገር በእሱ ስም ለልጅ ቃል መግባት አልችልም። ልጅ የተገባለትን ቃል አይረሳም። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ የሚያዝነው በእኔ አይደለም፤ ስሙ በተጠራው በእግዚአብሔር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ልጄ ታይፕ ዋን የሚባለው የስኳር ሕመም አለባት። የታወቀው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የውኃ ጥም ነበር። ሌሊት እየተነሳች ትጠጣለች፤ ብዙም ሳይቆይ ለሽንት ትነሳለች። ልብሷ ይሰፋት ጀመር። ትጫወት የነበረች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ሐኪም ቤት ጣቷን ወግተው ሲለኳት መሣሪያው ቁጥር ማሳየት አቅቶት «ሃይ» (ከልክ በላይ ከፍ ያለ) ብሎ ቆመ። እጅ እግሬ ተሳሰረ።

ብዙ ሰው ይህ ሕመም ጣፋጭ በማብዛት የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። የሰውነቷ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት ቆሽቷ ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሕዋሳት አጠፋቸው። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳር ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ወደ ሕዋሳት አይገባም። ሰውነት በምትኩ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙም አሲድ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ኢንሱሊን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኳን ያስፈልጋታል። ሐኪሙ «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ሲናገር ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ያን ቀን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ ኢየሱስ መቼ ነው የሚያድነኝ?» ያድነኛል ወይ አላለችም። መቼ ነው ያለችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የነገርናት ታሪክ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያልቀው። ለምጻሙ ይነጻል፣ ሽባው አልጋውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ የኢያኢሮስ ልጅ ትነሣለች። እሷም ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

«መቼ እንደሆነ አላውቅም የኔ እናት» አልኳት። «የማውቀውን ግን ልንገርሽ። አይተውሽም። እኔና አባትሽም አንተውሽም። መርፌውንም አብረን እንለምደዋለን።» አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዞር ብዬ እንባዬን ላብስ ሳስብ ተውኩት። እናቷ የማታለቅስበት ነገር ነው ብላ ማሰብ አልነበረባትም።

ከዚያ በኋላ ታሪኮቹን ሙሉውን መንገር ጀመርን። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ውሰዱ። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ወደ እሳት ሊጣሉ ነው። ለልጆች ስንተርክላቸው ብዙ ጊዜ ከንጉሡ ቁጣ በቀጥታ ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ደግሞ ፀጉራቸው እንኳ ሳይነካ ወደ መውጣታቸው እንሮጣለን። ቁጥር 18ን እንዘለዋለን። እዚያ ላይ ሦስቱ ልጆች አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነን» እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም ይላሉ። ይህን ሲናገሩ እንደሚወጡ አያውቁም ነበር። ልጄ ይህቺን ቃል ስትሰማ አስቆመችኝ። «ባያድነንም ብለዋል?» አለች። «ብለዋል።» «እግዚአብሔር አልተቆጣቸውም?» «አልተቆጣቸውም። እሳቱ ውስጥ አብሯቸው ገባ።» ብዙ አሰበች። ከዚያ ወዲህ ያ ታሪክ የእሷ ነው። ስንጸልይ ራሷ ትጨምረዋለች፤ «አድነኝ፤ ባታድነኝም የአንተ ነኝ» ትላለች። እኔ ያስጠናኋት ጸሎት አይደለም።

ወላጆች የምንፈራው ይገባኛል። «ባያድነንስ» የሚለውን ከከፈትንላቸው እምነታቸው የሚሸረሸር ይመስለናል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ልጆች በሽታው እንዳልሄደ ያያሉ። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን የሚወጉት እነሱ ናቸው። እኛ ዝም ስላልን ጥያቄው አይጠፋም፤ ብቻቸውን ይዘውት ይተኛሉ እንጂ።

የቤታችን ጸሎት የት እንደተለወጠ ልናገር። ሌሊት አንዳንዴ ኢንሱሊኑ የደሟን ስኳር ከልክ በላይ ያወርድባታል። መለኪያው ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲያሳይ 15 ግራም ያህል ስኳር ቶሎ መውሰድ አለባት፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንለካለን። ስኳር በውኃ በጥብጠን ነው የምንሰጣት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯን ያልባታል፣ ከንፈሯ ይገረጣል። ብርጭቆውን እኔ እይዝላታለሁ። ከዚያ ያ 15 ደቂቃ ይመጣል። የሚሠራ ሥራ የለም። መተኛት አይቻል፣ መሄድ አይቻል። ሰዓት እያዩ መቀመጥ ብቻ ነው። መጸለይ የጀመርነው በዚያ መሐል ነው።

መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምጸልየው። ቆንጆ ቆንጆ ቃል እመርጥ ነበር። አንድ ሌሊት ግን «ዛሬ እኔ ልጸልይ» አለች። ዓይኗን ጨፈነችና «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል። እስካሁን ስላላዳንከኝ ተናድጄብሃለሁ። አሜን» አለች። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ተያየን። አንዳችንም «እንደዚህ አይባልም» አላልናትም። በነጋታው መዝሙር 13ን አነበብንላት (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 12 ነው)። ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ገርሟት «ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው?» ብላ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው።

ነው እንጂ። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ የሚሆኑት ልቅሶና አቤቱታ ናቸው። መዝሙር 88ን (በሌላው አቆጣጠር 87) ያነበበ ሰው ያውቃል፤ እስከ መጨረሻው አይነጋም። መጨረሻው ጨለማ ነው። ግን የሚጀምረው እግዚአብሔርን «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ በመጥራት ነው። ያ ሰው ለማን እንደሚጮኽ ያውቃል። ልጆቻችንን ምስጋና ብቻ ካስተማርናቸው መከራ የመጣ ቀን የሚጸልዩበት ቃል ያጣሉ። ዝምታቸውን እኛ እርጋታ ነው ብለን እንወስደዋለን። ይህ ጉዳይ ከልቤ ያሳስበኛል። በየጉባኤው ልጆች ሲዘምሩ እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። «እስከ መቼ» የሚል መዝሙር ግን ማን ያስተምራቸዋል?

ጠንካራ አማኝ አያለቅስም የሚሉ ሲያጋጥሙኝ ማርቲን ሉተር ትዝ ይለኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1542 ልጁ ማግዳሌና በ13 ዓመቷ ሞተችበት። ከእሷ በፊትም ኤልሳቤጥ የምትባል ሕፃን ልጁን ቀብሯል። ያ ሁሉ ስለ እምነት የጻፈ ሰው ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ፣ ልጃቸው ወደ ጌታ በመሄዷ እሱና ሚስቱ ሊያመሰግኑ እንደሚገባ ቢያውቁም ሳያለቅሱ ማመስገን እንዳቃታቸው ተናግሯል። ጌታችን ራሱስ? አልዓዛርን ሊያስነሣው እየሄደ፣ እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ መቃብሩ ጋ ሳይደርስ እንባውን አፈሰሰ።

እንግዲህ «ለበጎ ነው» ስለሚሉኝ ሰዎች ትንሽ ልበል። ክፋት የላቸውም። ዝም ማለት ሲከብዳቸው የሚመጣላቸው እሱ ነው። ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የተናገረበትን ሮሜ 8ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ፍጥረት ይቃትታል፣ እኛም እንቃትታለን፣ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል። ያ ሁሉ መቃተት ካለፈ በኋላ ነው ቁጥር 28 የሚመጣው። እኛ መቃተቱን ዘልለን ቁጥር 28ን አልጋ ላይ ለተኛች ልጅ እንሰጣታለን። የኢዮብ ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ ጥሩው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ቤታችን መጥታ አንዲት ቃል ሳትናገር ልብስ አጥባ የሄደች እህት አለች። ልጄ እስከ ዛሬ ታነሳታለች።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። አንዲት የምናከብራት የጸሎት ሰው መጥታ ልጄ ባለችበት «እህቴ፣ እምነት ካለሽ መርፌውን አቁሚ። መርፌው አለማመን ነው» አለችኝ። ልቤ ተሰቀለ። ለእኔ አይደለም፤ ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። መልሴን ትጠብቅ ነበር። «እሜቴ፣ ስለሚጸልዩልን እግዚአብሔር ይስጥልን። መርፌው ግን አይቆምም» አልኩ። ሰውን ማስቀየም አልወድም። ያኔ ግን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ታይፕ ዋን ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ማንም በማንም ስም ቢነግራችሁ እንዳታቆሙ። ጸልዩ፤ መርፌውንም ውጉ።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥን። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታመመ። እግዚአብሔር ዐሥራ አምስት ዓመት እጨምርልሃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠው። ተስፋው ከተሰጠ በኋላም ቢሆን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጢሞቴዎስ ሆዱን ያመው ነበር፤ ጳውሎስ ስለ ሆዱ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው እንጂ እምነትህ ጎድሏል አላለውም። የጉዞ ጓዱን ጥሮፊሞስን ደግሞ ታሞ በሚሊጢን ከተማ ተወው። ስንት ሕመምተኛ የፈወሰው ጳውሎስ! ራሱም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም? ልጄ ጥሮፊሞስን ወደደችው። እንደሷ የታመመ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስሙ ተጽፎ በማግኘቷ ነው መሰለኝ።

ኢንሱሊኑን ራሱን የማየው እንደ ምሕረት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የሚባሉ ተመራማሪዎች ከቆሽት አወጡት። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልረዳውም፤ መድኃኒቱን አጣርተው እንደገና ሲወጉት ስኳሩ ወረደ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ከዚያ በፊት እንደ ልጄ ያሉ ልጆች ዕጣ ምን ነበር? ምግባቸውን እጅግ እየቀነሱ፣ እየመነመኑ ጥቂት ጊዜ ማቆየት። እናቶቻቸው እንደኔ ይጸልዩ ነበር፤ ምናልባትም ከኔ ይበልጥ። እኔ ከነሱ በኋላ ስለተወለድኩ ብቻ ልጄ አለችልኝ። ይህን ሳስብ አመሰግናለሁ፣ ስለ እነዚያ እናቶች ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል። ሁለቱን ስሜት ለማስታረቅ አልሞክርም። እንዳሉ ይዣቸው እጸልያለሁ።

ስለ ታናሽ ወንድሟ ሳልናገር ብቀር ግን ከሁሉ ይቆጨኛል። አንድ ልጅ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። እንግዳ ሲመጣ ስለ እሷ ይጠይቃል፤ ስጦታ ሲመጣ ለእሷ ነው፤ ሌሊት የምንነሳው ለእሷ ነው። ወንድሟ ጎበዝ ልጅ ሆነ። አያስቸግርም፣ አያለቅስም፣ የተሰጠውን ይወስዳል። ሁሉም «ሲያድለው፣ እንዴት ያለ ትልቅ ሰው!» ይለዋል። እኔ ግን ጭምትነቱ አላማረኝም። አንድ ቅዳሜ እኔና እሱ ብቻችንን ልብስ እያጠፍን «የእህትህ መታመም አንተን ምን ያደርግሃል?» አልኩት። አንድ ካልሲ ይዞ ረጅም ጊዜ አጣጠፈው። ከዚያ ተናገረ። ከመታመሟ በፊት ተጣልተው ኖሯል። መጫወቻውን ስለሰበረችበት በልቡ «ምነው በታመመች» ብሎ ነበር። ከዚያ ታመመች። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ ያሳመማት እየመሰለው ኖሯል። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ!

አቀፍኩት። ሕመሙ እንዴት እንደሚመጣ ለሱም በገባው ቋንቋ አስረዳሁት። ከዚያ ዮሐንስ 9ን ከፈትን። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአት የሠራ ማን ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ጌታም «እርሱ ኃጢአት አልሠራም ወላጆቹም አልሠሩም» አለ። ልጄ «ወንድሙስ?» አለኝ። «ወንድሙም አልሠራም» አልኩት። ዳግመኛ ጠየቀኝ። ዳግመኛ ነገርኩት። ታመው ያልተኙ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ጠይቋቸው። ሳይጠየቁ አይናገሩም። ወዳጅ ዘመድም ብትሆኑ፣ የታመመ ልጅ ልትጠይቁ ስትሄዱ ጤነኛውንም በስሙ ጠርታችሁ አናግሩት።

ባለቤቴ እንደ እኔ አያወራም። እሱ ሲያዝን ሥራ ያበዛል። የመለኪያውን ቁጥር በደብተር እየጻፈ፣ ደሟ የሚለካበት ስትሪፕ እንዳያልቅ እየቆጠረ፣ መድኃኒቱ ሙቀት እንዳያገኘው እየተጠነቀቀ ነው የሚያዝነው። አብሮኝ ጮክ ብሎ ስለማይጸልይ ከእምነት የራቀ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። እሱ የሚወዳት ጸሎት አንዲት ናት። ማርቆስ 9 ላይ ያለው የታመመው ልጅ አባት የጸለያት፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ያ አባት ልጁን ሲያይ ስንት ዓመት ከረመ! ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው ብሎ ለጌታ ነግሮታል። ጌታም በዚያች ግማሽ እምነት አልናቀውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ባለትዳሮች በመከራ ውስጥ በአንድ ዓይነት መንገድ ማዘን ያለባቸው ይመስላቸዋል። ሰው ሁሉ አዛዘኑ ለየቅል ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም አይተዋል፤ የሚያለቅስ እምነትም፣ ደብተር የሚይዝ እምነትም።

ልጄ አሁን ታዳጊ ሆናለች። መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፣ መጠኑንም አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ታሰላለች። የታዳጊዎች የጸሎት ካምፕ አለ፤ ከቤት ርቀው ያድራሉ። መሄድ እፈልጋለሁ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያለ እኛ የምታድረው። የመጀመሪያ ሐሳቤ እምቢ ማለት ነበር። ማን ሌሊት ይነሳላታል? ብርጭቆውን ማን ይይዝላታል? ባለቤቴ «ለጌታ አደራ የሰጠናት እኛ እስካየናት ድረስ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ቤት መጥታ ሁሉንም ተምራለች። እንዴት እንደሚለካ፣ ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ፣ 15 ግራሙ ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ራሷን ብትስት አፏ ውስጥ ምንም እንዳይደረግና ቶሎ ሐኪም እንዲጠራ። ሴትየዋ በማስታወሻዋ ጻፈችው፤ እንደገና አስጠየቀችን። ደስ አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከደብተሩ አንድ ገጽ ገልብጦ ሰጣት።

የምትሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሻንጣዋን ራሷ ትጭን ብለናል። ኢንሱሊኑን ብቻ እኔ አየዋለሁ።